ያልተገናኙ ሁለት መዝገቦች፦ የእናት ስኳርና የጨቅላ ጆሮ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው ንግግር ድምፅ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ የሐኪም ርእስ ይመስላል፤ እኔ ግን ሐኪም አይደለሁም። ሙያዬ የሕክምና ታሪክ ነው። ሰዎች አንድን ሕመም መቼና እንዴት እንዳወቁት፣ ካወቁትም በኋላ ዕውቀቱ ለሚያስፈልገው ሰው ሳይደርስ ለምን እንደ ቀረ መጠየቅ የታሪክ ሰው ሥራ ነው። ዛሬ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚታይ የስኳር በሽታና የጨቅላ ሕፃናት የመስማት ጤና ለምን በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ላይ ተጻፉ? ሁለቱ መዝገቦች ባለመገናኘታቸውስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ከጅጋ የተነሣ ጥያቄ

ጥያቄው የተነሣው ከመጽሐፍ አይደለም። ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ጅጋ የምትባል ከተማ አለች። እኔ የተወለድሁት ከዚያች ከተማ የአንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ የእናቴ ታናሽ እህት በዚያው መንደር ወንድ ልጅ ተገላገለች። ምጡ ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ፈጀ። የልምድ አዋላጇ ከጎጆው ሲወጡ የተናገሩት ቃል በመንደሩ ለብዙ ጊዜ ሲደጋገም ስለ ኖረ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «የወለደችው የሦስት ወር ልጅ ነው» አሉ። ሕፃኑ ያን ያህል ግዙፍ ነበረ። እልልታው ደመቀ፤ የማርያም ገንፎ ተበላ፤ የልጁ ግዝፈትም የበረከት ምልክት ሆኖ ተቆጠረ።

በሁለተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት ለመያዝ ሰነፈ፤ እንቅልፍም አበዛ። ሰውነቱ ቢጫ ሆኖ እንደ ነበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበረ፤ አራሷ የተኛችበት ጎጆ ከምጣዱ እሳት በቀር ብርሃን አልነበረውም። ሕፃኑ ግን ተረፈ፤ አደገም። ሁለት ዓመት ሲሞላው አፉን አልፈታም። «ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል» ተባለ። ሦስት ዓመት ሲያልፈው አንድ ቀን ከኋላው በደነበረ በሬ ሊረገጥ ሲል እናቱ ጮኸች፤ ልጁ ዞር እንኳ አላለም። አክስቴ እውነቱን ያወቀችው በዚያች ቅጽበት ነው።

ያ ልጅ ዛሬ አርባ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው። በቆሎና በርበሬ የሚያመርት ጎበዝ ገበሬ ነው። ትምህርት ቤት ግን አንድ ቀን አልዋለም። እኛ የመንደሩ ልጆች፣ እኔም ጭምር፣ በስሙ አንጠራውም ነበረ፤ «ደንቆሮው» እንለው ነበረ። አክስቴ ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ የስኳር ሕመምተኛ መሆኗ ታወቀ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ላስጠንቅቅ። ሁለቱን ነገሮች አያይዤ «የልጁን ጆሮ የወሰደው የእናቱ ስኳር ነው» ብል የታሪክን ሥነ ሥርዓት እጥሳለሁ። የታሪክ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ የደም ስኳር ሊለካ አይችልም። የምጡ መርዘም ብቻውን፣ በዘር የሚወረስ ሁኔታ፣ ወይም ኋላ ያገኘው ሕመም ምክንያት ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር የብዙ ልጆችን ጆሮ የወሰደው ማጅራት ገትር መሆኑን የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1981ና በ1989 የደረሱት ታላላቅ ወረርሽኞች የሚታወሱ ናቸው። ስለዚህ ስለ አክስቴ ልጅ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጊዜው የጠየቀ ሰው አልነበረም። ያልተጠየቀ ጥያቄ ደግሞ ራሱ ታሪክ አለው።

የመጀመሪያው መዝገብ፦ ከበርሊን እስከ ቦስተን

እ.ኤ.አ. በ1823 መገባደጃ ፍሬደሪካ ፓፔ የምትባል የ22 ዓመት ነፍሰ ጡር በርሊን ውስጥ ሆስፒታል ገባች። እርግዝናዋ አምስተኛው ነበረ። ውሃ ጥም አላስቀምጥ ብሏት ነበረ፤ ሽንቷም ስኳር የበዛበት ሆኖ ተገኘ። የወለደችው ሕፃን 12 ፓውንድ የሚመዝን ግዙፍ ነበረ፤ በወሊዱም ሞተ። እናቲቱን ግን ከወለደች በኋላ ጥሙም የሽንቱ ስኳርም ለቀቃት። ሃይንሪሽ ጎትሊብ ቤነዊትዝ የሚባለው ወጣት ሐኪም ይህን ታሪክ በ1824 የዶክትሬት ጽሑፉ አድርጎ አቀረበው። በእኛ አገር ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበረ። የጎጃም እናቶችም እንደ ፍሬደሪካ ፓፔ የሚጠሙና ግዙፍ ልጅ የሚወልዱ ነበሩባቸው ብሎ መገመት ይቻላል፤ የሚጽፍላቸው ግን አልነበረም።

የቤነዊትዝ ጽሑፍ ሁለት ነገር አስተውሏል፤ ሕመሙ ከእርግዝና ጋር መጥቶ ከእርግዝና ጋር መሄዱን፣ ሕፃኑም ከመጠን በላይ መግዘፉን። ሆኖም ለመቶ ዓመት ያህል ዕውቀቱ ሕይወት አላዳነም። በ1882 ማቲውስ ዳንካን ለንደን ውስጥ በስኳር የታመሙ ነፍሰ ጡሮችን ታሪክ ሰብስቦ ባቀረበ ጊዜ ሥዕሉ ጨለማ ነበረ፤ ብዙ ሕፃናት፣ ከእናቶችም ጥቂት የማይባሉት ሞተው ነበረ።

ለውጡ የመጣው በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ሲገኝ ነው። የእናቶች ሞት በፍጥነት ቀነሰ፤ የሕፃናቱ ሞት ግን እንደዚያ አልቀነሰም። ከ1924 ጀምሮ ቦስተን በሚገኘው የጆስሊን ክሊኒክ የሠሩት ዶክተር ፕሪሲላ ኋይት የሙያ ዘመናቸውን ለዚህ ልዩነት ሰጡ፤ በ1949ም ስማቸውን የያዘውን የነፍሰ ጡር ስኳር ሕመምተኞች አመዳደብ አወጡ። ኮፐንሃገን ላይ ዩርገን ፔደርሰን በ1950ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ምሥጢሩን በቀላል ቋንቋ አስረዱ። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጅ አልፎ ወደ ፅንሱ ይገባል፤ የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ የፅንሱ ቆሽት የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል፤ ኢንሱሊኑም ፅንሱን ያገዝፈዋል።

ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሁለት ሥራዎች ለዛሬው ጉዳያችን ልዩ ትርጉም አላቸው። በ1964 ኦሱሊቫንና ማሃን ቦስተን ላይ ለነፍሰ ጡሮች የስኳር ምርመራ መለኪያ አወጡ። መለኪያው የተቀመረው ግን እናቲቱ ወደፊት የስኳር ሕመምተኛ ትሆን እንደ ሆነ ለመተንበይ ነበረ፤ የሕፃኑ ዕጣ የመለኪያው መሠረት አልነበረም። ይህን ያስተካከለው በ2008 ይፋ የሆነው ሰፊ ጥናት ነው። በ9 አገሮች፣ በ15 ማዕከላት፣ ከ25,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበውበታል። የሕፃኑ ክብደት፣ ከወሊድ በኋላ የደም ስኳሩ መውረድ፣ የወሊዱ ሁኔታና ቢጫነት ሁሉ ተለኩ፤ የእናት ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር አደጋውም ደረጃ በደረጃ ከፍ እንደሚል ተረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ያወጣው መለኪያ የተመሠረተው በዚህ ጥናት ላይ ነው። ይሁንና ከ15ቱ ማዕከላት አንዱም በአፍሪካ አልነበረም። በዋና ዋናዎቹ ውጤቶች ዝርዝር ውስጥም የሕፃኑ የመስማት ችሎታ አልተካተተም። የመጀመሪያው መዝገብ እጅግ ተስፋፍቶ ነበረ፤ የጆሮ ዐምድ ግን አልነበረውም።

«የሀብታም በሽታ» በጎጃምና በጎንደር

በአገራችን ስኳር ለረጅም ጊዜ «የሀብታም በሽታ» ተብሎ ኖሯል። ከተሜው፣ ወፍራሙ፣ ተቀምጦ የሚውለው ሰው ይታመመዋል ተባለ። የጎንደር ሐኪሞች ያገኙት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከመነሻው ሐሳቡ ጤናን ወደ ገጠር ማውረድ ነበረ፤ ተማሪዎቹ የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በዚያ መንፈስ የቀጠሉ የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች በገጠር ጤና ጣቢያዎች የስኳር ሕሙማንን መከታተል ሲጀምሩ ያዩአቸው ብዙዎቹ ታካሚዎች ከሲታ፣ ድኻና ወጣት ገበሬዎች ነበሩ። በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍም ይህ ዓይነቱ ስኳር ከተመጣጠነ ምግብ እጦት ጋር ሊያያዝ ይችል እንደ ሆነ እንደ ገና እንዲመረመር ጠየቁ። እንግዲህ «የሀብታም በሽታ» የሚለው ስም ራሱ የገጠሩን ሕመምተኛ ከመዝገብ የሚሰርዝ ስም ነበረ።

ስለ ነፍሰ ጡሮችስ? እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በትግራይ ገጠር 890 ነፍሰ ጡሮችን መርምሮ 3.7 ከመቶዎቹ የእርግዝና ስኳር እንዳለባቸው አገኘ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት በጎንደር ከተማ የጤና ተቋማት ክትትል የሚያደርጉ 1,027 ነፍሰ ጡሮችን ሲመረምር ውጤቱ 12.8 ከመቶ ሆነ። ተማሪዎቼ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው «በሽታው ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ» ለማለት ይቸኩላሉ። አይቻልም። አንደኛው ገጠር፣ ሁለተኛው ከተማ ነው፤ የተጠቀሙበት መለኪያም አንድ አይደለም። ቁጥሮቹ የሚነግሩን ሌላ ነገር ነው፤ ሕመሙ በገጠርም በከተማም አለ፤ የፈለገው ሁሉ አግኝቶታል።

ችግሩ የሚፈልገው ማነስ ነው። በብዙ የገጠር ጤና ተቋማት የነፍሰ ጡር ስኳር የሚፈተሸው በሽንት ነው። በእርግዝና ጊዜ ግን ኩላሊት የደም ስኳር ሳይበዛም ስኳር ወደ ሽንት ሊለቅ ይችላል፤ የደም ስኳሯ ከፍ ያለባትም ሴት ሽንቷ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሽንት ምርመራ እንግዲህ ጥሩ ምስክር አይደለም።

የገጠር እናት ግን በራሷ መንገድ ስለ ግዙፍ ፅንስ ስታስብ ኖራለች። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ነፍሰ ጡር «ልጁ ገዝፎ ምጡ እንዳይጠናብኝ» ብላ ምግቧን ትቀንሳለች። የጤና ባለሙያ ይህን እንደ ድንቁርና ሲነቅፈው እሰማለሁ። እኔ ግን መነሻውን አከብረዋለሁ። የተራዘመ ምጥ የሚያመጣውን የምታውቅ ሴት ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው በ1974 የአዲስ አበባን የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት፣ በ2005ም በባሕር ዳር ማዕከል የተከፈተው፣ ያ ፍርሃት እውነተኛ ስለ ነበረ ነው። ስሕተቱ መፍትሔው ላይ ነው። የተራበች እናት የሕፃኑን አካል ትጎዳለች፤ ስኳሯ ያልታወቀ እናት ደግሞ ብትራብም ሕፃኗ ሊገዝፍ ይችላል።

ስኳሩ ወደ ጆሮ የሚደርሰው እንዴት ነው?

ከዚህ በኋላ ወደ ጆሮ እንሻገር። የእናት ስኳር የሕፃኑን ጆሮ የሚነካባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው፤ በጊዜም ይለያያሉ።

የጆሮ መሠረት የሚጣለው በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ነው። ስለዚህ ከማርገዟ በፊት ስኳር የነበረባትና ያልተቆጣጠረችው እናት ሕፃኗ የተዛባ የውጭ ወይም የውስጥ ጆሮ ይዞ የመወለድ ዕድሉ ከፍ ይላል። በእርግዝና አጋማሽ የሚመጣው ስኳር ግን ጆሮው ከተሠራ በኋላ ነው የሚደርሰው፤ ጉዳቱም በአብዛኛው በሌሎች በሮች ይገባል።

የመጀመሪያው በር ወሊዱ ነው። ግዙፍ ሕፃን ትከሻው ሲያዝ ይታፈናል፤ አየር ያጣ አንጎልና የመስሚያ ነርቭ ይጎዳሉ። ሁለተኛው የስኳር መውረድ ነው። እትብቱ በተቆረጠ ጊዜ ከእናት የሚመጣው ስኳር ይቋረጣል፤ የሕፃኑ ኢንሱሊን ግን ገና ብዙ ስለሆነ በሰዓታት ውስጥ የደም ስኳሩ ያሽቆለቁላል። ሦስተኛው ቢጫነት ነው፤ የአገራችን ሰው በትልቅ ሰው ላይ ሲያየው የወፍ በሽታ የሚለው ዓይነት። የእናት ስኳር የበዛበት ፅንስ ኦክስጅን ስለሚያጥረው ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ ከተወለደ በኋላ እነዚያ ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ነገር ይጠራቀማል። እጅግ ከበዛ የመስማት መልእክት የሚያልፍባቸውን የአንጎል ግንድ ክፍሎችና ነርቩን ይመርዛል። አራተኛው ከሕክምናው ጋር የሚመጣ ነው። ጄንታማይሲን የጨቅላ ሕፃናትን ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው፤ ከ2013 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጤና ኬላ ጭምር እንዲሰጡት መደረጉ ትልቅ እርምጃ ነበረ። ነገር ግን መጠኑ ሲያልፍ ወይም ጊዜው ሲረዝም በውስጥ ጆሮ ያሉትን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ሊገድል ይችላል። ይህን የምለው መድኃኒቱ ይቅር ለማለት አይደለም፤ መድኃኒቱን የወሰደ ሕፃን ጆሮው ይጠየቅ ለማለት ነው።

ልብ በሉ፤ አብዛኞቹ ስኳር ካለባቸው እናቶች የሚወለዱ ሕፃናት ደኅና ይሰማሉ። ስኳሯን የምትቆጣጠር እናት ሕፃን አደጋው ይቀንሳል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ እናቶችን ማስፈራራት፣ ይልቁንም «በአንቺ ምክንያት ነው» የሚል አዲስ ክስ መፍጠር አይደለም። እናቶች የሚከሰሱበት ነገር አላነሳቸውም።

ሁለተኛው መዝገብ፦ ሳይናገር የሚመሰክር ጆሮ

የሁለተኛው መዝገብ ታሪክ በእኛ ቋንቋ የሚጀምረው በአንድ ክፉ ቃል ነው። «ደንቆሮ» የሚለው ቃላችን የማይሰማውንም የማያውቀውንም በአንድነት ይጠራል። «ድንቁርና» የሚለውን ከዚያው ሥር አውጥተን የአለማወቅ ስም አደረግነው፤ ቀደም ብዬ እኔው ራሴ ስጠቀምበት ሰምታችሁኛል። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» የሚል ተረትም አለን። ቋንቋው ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል፤ የማይሰማ አያውቅም፤ የማያውቅን ማስተማር ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። ይህን ፍርድ በተግባር የሻሩት መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን ራሳቸውና መምህሮቻቸው ናቸው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሚስዮናውያን ድጋፍ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱላቸው፤ በ1960ዎቹ መባቻ የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ፤ ከአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል በኋላ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዲግሪ ትምህርት ሆነ። ጅጋ አጠገብ ላለች መንደር ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነበረች።

በውጭው ዓለም ጥያቄው «መቼ እንወቅ?» የሚል ነበረ። ኢዊንግ የሚባሉት ባልና ሚስት በ1944 እንግሊዝ ውስጥ ሕፃኑ ሳያይ ከጎኑ ድምፅ በማሰማት ዞር ይል እንደ ሆነ የሚታይበትን ፈተና አስተዋወቁ። ይህ ግን አንገቱን ማዞር ለሚችል ሕፃን ነው። በ1960ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ማሪዮን ዳውንስ ዴንቨር ላይ በተወለዱበት ሆስፒታል ጨቅላዎችን በድምፅ እየፈተኑ ምላሻቸውን መመዝገብ ጀመሩ። ውጤቱ አሳሳች ሆነ፤ የሚሰማው ተኝቶ ዝም ይላል፤ የማይሰማውም በሌላ ምክንያት ይባንናል። በ1969 የተቋቋመው የአሜሪካ የሕፃናት የመስማት ጉዳይ የጋራ ኮሚቴ በዚያ ምክንያት ለሁሉም ሕፃን ሳይሆን ለተጋላጮች ብቻ ቅድሚያ እንዲሰጥ መከረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የተጋላጮች ዝርዝር በቤተሰብ መስማት የተሳነው መኖሩን፣ በፅንስ ጊዜ የሚደርስ ልክፍትን፣ የጆሮና የፊት አፈጣጠር ጉድለትን፣ እጅግ አነስተኛ የልደት ክብደትንና ከፍተኛ ቢጫነትን ይዟል። ክብደቱ ያነሰው ሕፃን ተጠቅሷል፤ ከእናቱ ስኳር የተነሣ የገዘፈው አልተጠቀሰም። የእናት ስኳር ወደዚህ መዝገብ የገባው በዋናው በር ሳይሆን ቢጫነት በሚባለው ጓሮ በር ነው።

ከዚያ በ1978 ለንደን ውስጥ ዴቪድ ኬምፕ አስደናቂ ነገር አገኙ፤ ጤነኛ ጆሮ ድምፅ ሲደርሰው እርሱም በበኩሉ እጅግ ደቃቅ ድምፅ ይመልሳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንላለን፤ እዚህ ግን ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ጆሮው ስለ ራሱ ይመሰክራል። በዚያው ዘመን ድምፅ ሲሰማ በአንጎል ግንድ ላይ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካው ምርመራም ዳበረ። በ1998 ከኮሎራዶ የወጣ ጥናት ደግሞ የመስማት ችግራቸው ስድስት ወር ሳይሞላቸው የታወቀላቸውና እገዛ ያገኙ ልጆች የቋንቋ ዕድገታቸው ዘግይተው ከታወቁት እጅግ የተሻለ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ 1፣ 3፣ 6 ሆነ፤ በ1 ወር ማጣራት፣ በ3 ወር ማረጋገጥ፣ በ6 ወር እገዛ መጀመር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጤና ተማሪዎቻችን ይጠቅማል። የኬምፕ ምርመራ የሚጠይቀው የውስጥ ጆሮን ነው፤ ቢጫነት የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ ነው። ስለዚህ በከባድ ቢጫነት ያለፈ ሕፃን የመጀመሪያውን ምርመራ በደኅና አልፎ ሳይሰማ ሊያድግ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሕፃን የአንጎል ግንዱ ምርመራ ያስፈልገዋል። መርማሪው ይህን የሚያውቀው ደግሞ የእናቲቱና የወሊዱ ታሪክ ከሕፃኑ ጋር ከመጣ ብቻ ነው።

መዝገቦቹ የሚገናኙበት ቀን

በአንድ የጤና ተቋም ስመራመር የእናቶች ክትትል መዝገብ በአንድ ክፍል፣ የጨቅላዎች ሕክምና መዝገብ በሌላ ክፍል ሆኖ አግኝቻለሁ። ሁለቱን የሚያያይዝ ቁጥር አልነበረም። የእናቲቱ ስኳር በአንደኛው፣ የልጇ ቢጫነት በሁለተኛው ተጽፏል፤ እናትና ልጅ መሆናቸውን ግን ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም። የሠራተኞቹ ስንፍና አይደለም። ሁለት መቶ ዓመት የተለያየ ታሪክ ያላቸው ሁለት ዕውቀቶች እንደ ተለያዩ ወደዚያ ክፍል ስለ ገቡ ነው።

ለማገናኘት የሚሆን ጊዜ ግን ዛሬ አለን። እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ደረሱ። በአክስቴ ዘመን ያልነበረ ዕድል ነው። ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከደጃፋችን ናት። ጨቅላውን በመጀመሪያው ሰዓት ማጥባት፣ እንገሩን አለመድፋት፣ ቅቤ አለማስዋጥ የሚለው ምክሯ ስኳር ላለባት እናት ልጅ ምክር ብቻ ሳይሆን መድኃኒት ነው፤ የሚወርደውን የደም ስኳር የሚያነሣው ያ እንገር ነውና። አራሷን በብርሃን ማየት፣ የሕፃኑን ቆዳና ዓይን መመልከትም እንዲሁ።

የአገራችን የአራስ ዘመን የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ሕፃኑ ወደ አደባባይ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። የጤናው ቀን መቁጠሪያ ደግሞ በ45ኛው ቀን ክትባት ይጠራዋል። ሁለቱም ጥሪዎች የሚከበሩ ናቸው፤ ከሦስት ወርም በፊት ናቸው። የመስሚያ መመርመሪያ በየጤና ጣቢያው እስኪደርስ ድረስ በዚያ በ45ኛው ቀን ሦስት ጥያቄዎች ቢጠየቁና መልሳቸው በሕፃኑ የክትባት ካርድ ላይ ቢጻፍ መሣሪያ አይፈልግም፤ እናቱ ስኳር ነበረባት? ሕፃኑ ታፍኖ ወይም ቢጫ ሆኖ ነበረ? ጄንታማይሲን ስንት ቀን ወሰደ? «አዎ» የሚል መልስ ያለው ሕፃን ወደ ምርመራ ይላካል። ይህ ሁሉንም ልጅ አያገኝም፤ በሌላው ዓለምም የተጋላጮች ዝርዝር የሚያገኘው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደ ሆነ ታይቷል። የሁሉም ሕፃን ምርመራ ግባችን መሆን አለበት። ግማሹን መጠየቅ ግን ማንንም ካለመጠየቅ ይሻላል።

በመጨረሻም ወደ ጅጋ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ያ የአክስቴ ልጅ ሴት ልጅ ወለደ። ሕፃኗ ግዙፍ ነበረች፤ የተወለደችው በጤና ተቋም ስለሆነ ክብደቷ በካርዷ ላይ ተጽፏል። እንኳን ማርያም ማረቻችሁ ለማለት ሄድሁ። አባትየው ሕፃኗን አቅፎ እጁን በደረቷ ላይ አኖረ፤ ማልቀሷን የሚያውቀው በመዳፉ ነው። ከዚያ ጣቱን ወደ ራሱ ጆሮ፣ ቀጥሎ ወደ ሕፃኗ ጆሮ ጠቆመና ዓይኔን ትኩር ብሎ ተመለከተ። ጥያቄው ግልጽ ነበረ። እኔም የሚታየኝን አደረግሁ፤ ከሕፃኗ ራስጌ በኩል አጨበጨብሁ። ባነነች። ፊቴን ወደ እርሱ አዙሬ በደስታ ራሴን ነቀነቅሁ።

እርሱ ግን ራሱን ወዘወዘ። መዳፉን በፊቴ እያራገበ ነፋሱን አሳየኝ፤ ያባነናት የእጄ ነፋስ ሊሆን ይችላል ማለቱ ነው። በዴንቨር ሐኪሞች በብዙ ሺህ ጨቅላዎች የተማሩትን ያ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከገዛ ሕይወቱ ያውቀው ነበረ። ዶክትሬት ያለኝ እኔ የምመልስለት አልነበረኝም። «ደንቆሮ» የምንለው ሰው የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበረ፤ መልሱን የማያውቀው የሚሰማው ነው።

እናንተ ተማሪዎች የሁለቱን መዝገቦች ቁልፍ የምትረከቡ ናችሁ። ያንን ሰው ዳግም በጭብጨባ እንዳትመልሱለት አደራ እላለሁ።